ምክር የሰጠ ዘርም ይስጥ

የጥናት ትምህርት ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ምንባብ፦ ዘፍጥረት 41፥25–57፤ የሐዋርያት ሥራ 11፥27–30፤ የያዕቆብ መልእክት 2፥14–17



ከአዳማ ተነሥቶ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ወለንጪቲን ያውቃታል። የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የገጠሩ ሕዝብ ጤፍ፣ በቆሎና ቦሎቄ እየዘራ፣ ከብትና ፍየል እያረባ ይኖራል። አብዛኛው ገበሬ መስኖ የለውም፤ ኑሮው የተመሠረተው በክረምቱ ዝናብ ላይ ነው። ዝናቡ ሲዘገይ፣ መካከል ላይ ሲቋረጥ ወይም ቀድሞ ሲያበቃ ጎተራው ባዶ ይቀራል።

በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም በሚደረገው ሥራ በበጎ ፈቃድ አማካሪነት አገልግለናል። ብዙ ወገኖች «ለመሆኑ የአየር ንብረት አማካሪ ሥራው ምንድር ነው? ያለ ደመወዝስ ለምን ትደክማላችሁ?» እያሉ ጠይቀውናል። ይህ ትምህርት ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ተዘጋጅቷል። መልሱንም ከስሕተታችን እንጀምራለን፤ ከእርሱ የበለጠ ያስተማረን የለምና።

1. የአንድ ክረምት ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ ላይ፣ የክረምቱ ወራት ትንበያ ደረሰን። ወረቀቱ በአካባቢያችን ከመደበኛው በላይ ዝናብ የመጣሉ ዕድል እንደሚያመዝን ይገልጽ ነበር። እኛም ደስ አለን። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምእመናኑን በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠን «ዘንድሮ ክረምቱ ጥሩ ነው፤ ሳትዘገዩ ዝሩ» አልናቸው። ወረቀቱ ግን «ጥሩ ነው» አላለም፤ «ዝሩ»ም አላለም። ሁለቱንም ቃል የጨመርን እኛ ነን።

ከሰሙን መካከል አንዲት መበለት እናት ነበሩ። መሬታቸውን የሚያርስላቸው የወንድማቸው ልጅ ነው። ቃላችንን አምነው፣ በቤታቸው የነበረውን የበቆሎ ዘር በሙሉ በሰኔ መጀመሪያ አስዘሩ። አንድ ሳምንት ያህል ዘነበ፤ ቡቃያውም ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ያህል ጠብታ አልወረደም። ቡቃያው ጠውልጎ ደረቀ። ዝናቡ የተመለሰው በሐምሌ ነው፤ እስከ መስከረምም በብዛት ጣለ። የክረምቱ ዝናብ ሲደመር በእርግጥ ከመደበኛው በላይ ሆኖ ተገኘ። እኛም በሪፖርታችን ላይ «ትንበያው ተሳክቷል» ብለን ጻፍን።

ሪፖርቱን ከላክን በኋላ እማማን ልንጠይቅ ወደ ቤታቸው ሄድን። በቤታቸው ዘር ስላልቀረ፣ ከአንድ እህል ነጋዴ የጤፍ ዘር በብድር ወስደው፣ በመኸር እጥፍ አድርገው ሊከፍሉ ተስማምተው ነበር። ቡና አፍልተው አስተናገዱን። ከዚያም ድምፃቸውን ሳያሰሙ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ዝናቡን የከለከላችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ ዘሬን ያስጣላችሁኝ ግን እናንተ ናችሁ። ለመሆኑ ከእናንተ ቤት ምን ጎደለ?»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም። ከእኛ ቤት የጎደለ ነገር አልነበረምና።

2. ትንበያው የሚለውና የማይለው

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የወቅት ትንበያ ያወጣል። እያንዳንዱ የፕሮጀክት ሠራተኛ የዚህን ትንበያ አነጋገር ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል።

በቀላል አነጋገር አሠራሩ የሚከተለው ነው። የ30 ዓመት የዝናብ መዝገብ ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ ይደረደራል እንበል። ዝናብ ያነሰባቸው 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ 10 ዓመታት «መደበኛ»፣ ዝናብ የበዛባቸው 10 ዓመታት ደግሞ «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ሌላ መረጃ ከሌለ የሦስቱም ዕድል እኩል ነው፤ ከ100 እጅ 33 ያህል ለእያንዳንዱ ይደርሰዋል። ባለሙያዎቹ የውቅያኖሶችን ሙቀትና የነፋሱን ሁኔታ መርምረው፣ ዕድሉ ዘንድሮ ወደየትኛው እንዳዘነበለ ይናገራሉ። ለምሳሌ «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20» ቢሉ፣ እንዲህ ከተባለላቸው 10 ክረምቶች 2ቱ ደረቅ ቢሆኑ ትንበያው ውሸት ሆነ አይባልም። አስቀድሞ ተነግሯልና።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። የወቅት ትንበያ በዋናነት የሚናገረው ስለ ወራቱ ጠቅላላ ዝናብ ነው። ዝናቡ በየትኛው ቀን እንደሚጀምር፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚቋረጥ በእርግጠኝነት አይነግረንም። ገበሬው ግን የሚዘራው በቀኑ ነው፤ ቡቃያም በሐምሌ የሚመጣውን ውሃ በሰኔ ሊጠጣ አይችልም። ስለዚህ ከወቅቱ ትንበያ በኋላ በየ10 ቀኑ የሚወጣውን የግብርና ሚቲዎሮሎጂ መግለጫ መከታተል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፈሩ ምን ያህል ጠልቆ እንደራሰ በእጅ ቆፍሮ ማየት ያስፈልጋል። የእኛ ስሕተት ዕድልን እንደ ተስፋ ቃል አድርገን መናገራችን ነበር።

3. የአየር ጠባይና የአየር ንብረት

የአየር ጠባይ የምንለው የዛሬውንና የዚህን ሳምንት ዝናብ፣ ፀሐይና ነፋስ ነው። የአየር ንብረት ግን የብዙ ዓመታት ልማድ ነው። የአንድ ዓመት ድርቅ ብቻውን የአየር ንብረት መለወጡን አያረጋግጥም።

ለውጥ መኖሩ ግን በልኬት ታውቋል። ፋብሪካዎች ከመስፋፋታቸው በፊት በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህም የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ደን በመቃጠሉ የመጣ ነው። ጋዙ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ስለሚይዝ፣ የምድር አማካይ ሙቀት ከ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ጨምሯል። ሙቀት ሲጨምር አፈርና ተክል ውሃቸውን ቶሎ ያጣሉ። እንግዲህ የዝናቡ መጠን ባይቀንስ እንኳ፣ ቀድሞ ለሁለት ሳምንት እርጥበት ይዞ የሚቆይ ማሳ ዛሬ ፈጥኖ ሊደርቅ ይችላል። ለዚህ ጥፋት የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ትንሽ ያጠፋው ብዙ መሸከሙ ግፍ ነው፤ ክርስቲያንም ይህን ከመናገር ዝም ሊል አይገባውም።

ይሁን እንጂ አማካሪ ሁሉን ነገር በአየር ንብረት ለውጥ ማመካኘት የለበትም። ሁለት ምሳሌዎች እንስጥ። እ.ኤ.አ. በ2015 የክረምቱ ዝናብ በብዙ ቦታ በመጉደሉ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ ርዳታ አስፈልጓቸው ነበር። የዚያ ዓመት ድርቅ በቅርብ የተያያዘው ኤልኒኞ ከሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ነው። ይህም በየጥቂት ዓመቱ የሚመላለስ፣ ጥንትም የነበረ ነገር ነው፤ የምድር መሞቅ ጉዳቱን ሊያከፋው ቢችልም ከእርሱ ጋር አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ በዚሁ መንገዳችን ላይ ይገኛል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በኋላ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የግጦሽ መሬትን ሸፈነ፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱንም አስጨነቀ። ያየ ሰው «የአየር ንብረት ተለወጠ» ሊል ይችላል። ጥናቶች ግን በይበልጥ የሚያመለክቱት ከመስኖ እርሻዎች የሚወርደውን ውሃና የከርሰ ምድሩን ውሃ መጨመር ነው። በሽታውን ያልለየ ሐኪም መድኃኒቱን ይስታል። ዛፍ በመትከል የበሰቃን ውሃ መመለስ አይቻልም።

4. የበጎ ፈቃድ አማካሪ ማን ነው?

ስለ አየር ንብረት በአገራችን ብዙ ዕቅዶች ተጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 አገር አቀፍ የመላመድ ፕሮግራም፣ በ2011 ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2019 ደግሞ ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ ወጥቷል። ከ2005 ጀምሮም በምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አማካይነት የምግብ እጥረት ያለባቸው ቤተሰቦች በእርከንና በውሃ ማቆር ሥራ እየተሳተፉ ገንዘብ ወይም እህል ሲያገኙ ቆይተዋል። ዕቅዶቹ ጠቃሚዎች ናቸው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ከተጻፈው ወረቀት እስከ እማማ ማሳ ድረስ ረጅም መንገድ አለ። የአማካሪ ሥራ በዚህ መንገድ ላይ መመላለስ ነው።

በጎ ፈቃደኛ አማካሪ አዲስ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የበጎ ፈቃደኞችን ፕሮግራም ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዛሬ በዚህ ፕሮግራም ከውጭ ከሚመጡት ሌላ በገዛ አገራቸው የሚያገለግሉም አሉ። የአገር ልጅ አማካሪ ቋንቋውን ያውቃል፤ በወለንጪቲ ገጠር ትንበያ በኦሮምኛ ካልተነገረ ለብዙ እናቶች አልተነገረም ማለት ነው። እንደ ባዕድ ሰውም የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም።

ሥራው በሦስት ይከፈላል። አንደኛ፣ ማንበብ፤ ዕቅዱንና ትንበያውን ከነቁጥሩ መረዳት። ሁለተኛ፣ መተርጐም፤ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ በገበሬው ቋንቋ መናገር። ሦስተኛ፣ መመለስ፤ ገበሬው ያየውንና ያማረረውን ሳያለሰልሱ ለጽሕፈት ቤቱ ማድረስ። እኛ በመጀመሪያው ደከምን፣ በሁለተኛው ጨመርን፣ በሦስተኛው ደግሞ ዋሸን። «ተሳክቷል» ብለን በጻፍንበት ሪፖርት ውስጥ የእማማ ዘር የለምና።

የበጎ ፈቃደኛም የራሱ ፈተና አለው። ደመወዝ ስላልተቀበለ «ማን ይጠይቀኛል?» ሊል ይችላል። ጊዜውም ሲያበቃ ይሄዳል፤ ገበሬው ግን ከምክሩ ጋር ይቀራል። ስለዚህ የሰጠነውን ምክር ሁሉ በጽሑፍ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያና ለአጥቢያው ሽማግሌዎች ማስረከብ ግዴታችን ነው።

5. የእግዚአብሔር ቃል ምን ያስተምረናል?

ሀ) ዮሴፍ። ፈርዖን ዮሴፍን የጠራው ሕልም እንዲፈታለት ብቻ ነበር። ዮሴፍ ግን ፍቺውን ከተናገረ በኋላ አላቆመም፤ በጥጋቡ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛው እጅ እንዲከማች መከረ (ቁጥር 33–36)። ከመከረም በኋላ ሥራው በራሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። በግብፅ ምድር ሁሉ ዞረ፤ በየከተማው ዙሪያ ያለውን እህል በዚያው ከተማ አከማቸ (ቁጥር 46–49)። ልብ በሉ፤ ጎተራው ከሕዝቡ ሩቅ አልነበረም። ትንበያው ወደ ጎተራ ካልተለወጠ ለግብፅ ምን በጠቀማት?

ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብብ። በምዕራፍ 47፥13–26 እንደምናነብበው፣ ሕዝቡ እህሉን ሲገዛ በመጀመሪያ ገንዘቡን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻም መሬቱን ለፈርዖን ሰጠ። ነፍሱን አዳነ፤ ርስቱን ግን አጣ። እንግዲህ ርዳታ ሁሉ አንድ አይደለም። እህል ሰጥቶ ሰውን ባለዕዳ የሚያደርግ ጎተራ አለ፤ ሰውን በመሬቱ ላይ የሚያቆም ጎተራም አለ። እማማን የነጋዴው ዕዳ ምን ያህል እንደከበዳቸው ስናይ ይህ ምዕራፍ አዲስ ሆኖ ተነበበልን።

ለ) አጋቦስ። በአንጾኪያ በነበረችው ቤተ ክርስቲያን አጋቦስ ታላቅ ራብ እንደሚመጣ በመንፈስ ተናገረ። ደቀ መዛሙርቱም ቃሉን ሰምተው እያንዳንዳቸው እንደ ዐቅማቸው አዋጡ፤ መዋጮውንም በበርናባስና በሳውል እጅ በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች ላኩ። የተነገረው ቃልና የተሰበሰበው ገንዘብ በአንድ ክፍል ውስጥ ተያይዘው ተጽፈዋል። እኛ ያደረግነው ግን ቃሉን ከመዋጮው መለየት ነበር።

ሐ) ያዕቆብ። የተራበውን ወንድም በመልካም ቃል ብቻ ማሰናበት ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። እርሱ የተናገረው ስለ ምርቃት ነው፤ እኛ ግን ስለ ምክርም ጭምር እንደተናገረ ተረድተናል። ምርቃት ብቻውን የማያጠግብ ከሆነ፣ ምክር ብቻውንማ አንዳንድ ጊዜ ያስርባል። ተሳስቶ ሲገኝ የሚያስከፍለው የሰማውን ነውና።

በአገራችንም ይህን ያስተማሩ አባቶች ነበሩ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል ሊነጣጠሉ እንደማይገባ፣ አገልግሎትም ለሙሉው ሰው፣ ለነፍሱም ለሥጋውም፣ መሆን እንዳለበት አስታውቃ ነበር። ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ቃላቸው ግን ዛሬም በየፕሮጀክቱ ይሠራል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሕዝባችን በራብ ሲያልቅ የጎደለው ወሬ አልነበረም፤ ወሬው ለባለ ሥልጣናት ደርሶ ነበር። የጎደለው ወሬውን ወደ ርዳታ የሚለውጥ እጅ ነው።

6. ከዚያ በኋላ የተማርነው አሠራር

በመጀመሪያ ወደ እማማ ተመልሰን ይቅርታ ጠየቅን። ሪፖርታችንንም አርመን ላክን። ከዕለት አበላችን አዋጥተን የዘሩን ዕዳ በከፊል ከፈልን፤ ሙሉውን ለመክፈል ዐቅም አልነበረንም። ከመከሩት ጤፍ የቀረው ወደ ነጋዴው ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች እንጠብቃለን።

ሀ) በቁጥር እንናገራለን። «ጥሩ ነው» አንልም። 10 የበቆሎ ፍሬዎች በመሬት ላይ አስቀምጠን፣ «እንዲህ ከተባለላቸው 10 ክረምቶች 2ቱ እንዲህ፣ 4ቱ እንዲህ» እያልን እንከፍላቸዋለን። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ወዲያው ይረዱታል፤ ውሳኔውንም ለራሳቸው ይተዋሉ።

ለ) ዘር በአንድ ጊዜ እንዳያልቅ እንመክራለን። በቆሎው በሰኔ ቢከሽፍ፣ በሐምሌ ቦሎቄ ወይም ጤፍ ሊተካ ይችላል። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር አካባቢ የሚሆኑ፣ ፈጥነው የሚደርሱ የበቆሎና የቦሎቄ ዝርያዎችን አውጥቷል። በቅርባችን ያለውን እውቀት ሳንጠቀም ከሩቅ መፈለግ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያሰኛል።

ሐ) የዘር ጎተራ። ከመኸር በኋላ ምእመናን እንደ ዐቅማቸው ቦሎቄና ጤፍ ያዋጣሉ፤ የመጀመሪያውን መዋጮ የሚያስገቡት አማካሪዎቹ ናቸው። ዘሩ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ይቀመጣል፤ አየር ሲያጣ ነቀዙ ይሞታልና። ምክራችንን ሰምቶ ዘሩ የጠፋበት ሰው ከዚህ ጎተራ ይወስዳል፤ ሲመልስም የወሰደውን ያህል ብቻ ይመልሳል። ወለድ የለም።

መ) የቁጠባ ቡድን። እ.ኤ.አ. በ2002 በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አማካይነት በአዳማ ከተማ ጥቂት የራስ አገዝ ቡድኖች ተጀመሩ። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እያጠራቀሙ እርስ በርስ ይበዳደራሉ። ከውጭ የሚሰጥ ገንዘብ የለም። ከአዳማ የተጀመረው ይህ ሥራ ወደ ብዙ የአገራችን ክፍሎች ተስፋፍቷል። እንዲህ ያለ ቡድን ያላት እናት በክፉ ቀን ወደ አራጣ አበዳሪ አትሮጥም። ለአየር ንብረት ለውጥ ከምናውቃቸው መከላከያዎች አንዱ ይህ ነው፤ ምንም እንኳ ስሙ የአየር ንብረት ፕሮግራም ባይባል።

ሠ) አነስተኛ አደጋ ያለውን ምክር እናስቀድማለን። ምክር ሁሉ እኩል አያስከፍልም። «ዘርህን ዛሬ ዝራ» የሚል ምክር ቢከሽፍ ቤተሰብ ይራባል። «ከማሳህ ዳር ያለውን የግራር ጉቶ አትንቀለው፤ ከቅርንጫፎቹ ጠንካሮቹን መርጠህ ሌላውን ግረዝ» የሚል ምክር ግን ቢከሽፍ የሚያስከፍለው ጥቂት ድካም ነው። ይህን ዘዴ ያስፋፋው አውስትራሊያዊው ሚስዮናዊ ቶኒ ሪናውዶ ነው። በኒጀር አገር በኤስ.አይ.ኤም. ሥር ሲያገለግል ዛፍ ቢተክል ቢተክል አብዛኛው ይደርቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን ቁጥቋጦ የመሰለው ነገር ሁሉ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ፣ ሥሩም ሕያው መሆኑን አስተዋለ። ከዚያ በኋላ በኒጀር ገበሬዎች ይህን በመከተል ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት በዛፍ ሸፈኑ። በአገራችንም በወላይታ ሁምቦ፣ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ፣ 2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራማ መሬት በዚህ መንገድ አገግሟል። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይጠብቁታል፤ ደኑ ከአየር ለሚስበው ካርቦንም ክፍያ አግኝተዋል። ሪናውዶ ትልቅ አማካሪ የሆነው የራሱ ችግኞች ደርቀውበት ስለነበር ይመስለናል።

7. ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ምእመናን «ትንበያ ጥንቆላ ነው» ይላሉ። ጌታችን ግን በሉቃስ 12፥54–56 ሰዎች ደመናና ነፋስ አይተው ስለ ዝናብና ስለ ሙቀት መናገራቸውን አልነቀፈም፤ የነቀፈው ያን ያህል እያወቁ ዘመኑን አለመመርመራቸውን ነው። ጠንቋይ የተሰወረውን አውቃለሁ ይላል፤ ትንበያ ግን የተለካውን ቆጥሮ «ይህን ያህል አላውቅም» ብሎ ጭምር ይናገራል። እኛ ግን የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርገን ስንናገር ከጠንቋይ ብዙ አልራቅንም ነበር።

ሌሎች ደግሞ ዘፍጥረት 8፥22ን ጠቅሰው «ዘርና መከር እንደማይቋረጥ እግዚአብሔር ተናግሯል፤ ስለምን እንጨነቃለን?» ይላሉ። ተስፋው የታመነ ነው። ሆኖም ያ ተስፋ ከተሰጠ በኋላ በአብርሃም ዘመን ራብ ሆነ፤ በይስሐቅም፣ በዮሴፍም ዘመን ሆነ። ተስፋው ምድር ጨርሳ እንደማትተወን ይነግረናል፤ በቦሰት የሚኖር እያንዳንዱ ማሳ በየዓመቱ እንደሚያፈራ ግን አይናገርም። ዮሴፍ በእግዚአብሔር ታምኗል፤ ጎተራም ሠርቷል።

8. መደምደሚያ

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ባለፈው ክረምት መግቢያ ትንበያውን ለምእመናኑ ስንናገር እማማ ከፊት ተቀምጠው ነበር። አሥሩን ፍሬዎች ከፈልን፤ ሦስቱ በደረቁ በኩል ወደቁ። እማማ ፍሬዎቹን በጣታቸው ቆጥረው፣ «እነዚህ ሦስቱ ቢመጡብኝ ከጎተራው ይሰጠኛል?» ብለው ጠየቁ። «አዎን እማማ፣ ይሰጥዎታል» አልን። ዘራቸውን በግማሽ ከፍለው ዘሩ፤ ግማሹን አቆዩ። ዝናቡ በዚያ ዓመት አልተቋረጠም፤ ከጎተራው መውሰድም አላስፈለጋቸውም። በኅዳር ግን ሁለት ጣሳ ቦሎቄ ይዘው መጥተው ወደ ጎተራው ጨመሩ።

እንግዲህ «የአማካሪ ሥራ ምንድር ነው?» ለሚለው መልሳችን ይህ ነው፦ እውነቱን ከነልኩ መናገር፣ ሲሳሳትም ከሰሚው ጋር መጕደል። ደመወዝ አለመቀበል ብቻውን በጎ ፈቃድ አይባልም። የምክሩን ዕዳ አብሮ ለመክፈል መፍቀድ ነው በጎ ፈቃድ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፉት ሦስት ዓመታት ቤተ ክርስቲያናችን ወይም ፕሮጀክታችን ለገበሬዎች ምን ምክር ሰጠ? ምክሩ ሲከሽፍ ኪሳራውን የተሸከመው ማን ነበር?

2. ዮሴፍ እህሉን በየከተማው ዙሪያ አከማቸ። የእኛ አጥቢያ የዘር ጎተራ ቢኖራት የት ይቀመጥ? ቁልፉስ በማን እጅ ይሁን?

3. ዘፍጥረት 47፥13–26ን አንብቡ። ርዳታችን ሰውን በመሬቱ ላይ የሚያቆመው እንዴት ነው? ባለዕዳ የሚያደርገውስ መቼ ነው?

4. በአካባቢያችሁ ከተለወጡት ነገሮች መካከል ከአየር ንብረት የመጣው የቱ ነው? ከደን መጨፍጨፍ፣ ከመስኖ ወይም ከግጦሽ መብዛት የመጣውስ የቱ ነው? እንዴት ለያችሁት?

5. የፕሮጀክት ሠራተኞች፦ «ተሳክቷል» ብላችሁ ከጻፋችሁት ሪፖርት ውስጥ ያልተጻፈ ሰው አለ? ይህን ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁት።

የጸሎት ርእስ

በቦሰትና በስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች ለሚኖሩ ገበሬዎች፣ በወቅቱ ለሚጥል ዝናብ፤ ለትንበያ ባለሙያዎችና ለቀበሌ የግብርና ሠራተኞች፤ ያለ ደመወዝ ለሚያገለግሉ ወጣት አማካሪዎች ትሕትናና እውነተኛነት፤ ስለ እማማና ስለ ቤታቸው ጸልዩ። ጌታ ይባርካችሁ።